በአንድ ቧንቧና በሦስት ጀሪካን ሰው ማስጨነቅ፦ የተማሪ ሆረር ፊልም መክፈቻ አሰራር

ሀዋሳ ውስጥ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ተማሪ ይሄን ድምጽ ሳልነግረው ያውቀዋል። ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ጠፍታ ትቆይና ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ትንሽ ይተፋና ጸጥ ይላል። አየሩ እየወጣ ነው። ከዛ ሁሉም ከየክፍሉ ጀሪካኑን እየጎተተ በእንቅልፍ ዓይኑ ይወጣል። እኔ ለአጭር ሆረር ፊልም መክፈቻ ከዚህ የተሻለ ድምጽ አላውቅም፣ ደግሞ "ማታ አይፏጭም" እየተባልን ነው ያደግነው፣ ቧንቧው ራሱ በሌሊት ሲያፏጭ የሆነ ነገር ሆድ ውስጥ ይላወሳል።

ይሄን የምጽፈው ሆረር ልትሰሩ ያሰባችሁ ልጆች ስክሪፕታችሁን ስታሳዩኝ አብዛኛው በጩኸት ስለሚጀምር ነው። ደም፣ ቢላ፣ ጩኸት፣ ጥቁር ስክሪን፣ ርዕስ። እኛም የመጀመሪያ ፊልማችንን እንደዛ ነበር የጀመርነው፣ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ሰዉ አንዴ ደንገጥ አለና ወዲያው ወሬውን ቀጠለ፣ በጣም ነበር ያዘንኩት ምክንያቱም ሁለት ወር ለፍተንበታል። ማስደንገጥ ቀላል ነው፣ በር ጓ ማድረግ በቂ ነው። ማስጨነቅ ግን ሌላ ስራ ነው።

የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን በቦምብ ነበር የሚያስረዳው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፣ ከጠረጴዛው ስር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ አገኛችሁ። ቦምቡ መኖሩንና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ተመልካቹ ቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልብ አንጠልጣይ ይሆናል፣ ሰዉ "ኧረ ተነሱ!" ማለት ያምረዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ገጸ ባህሪዋ የማታውቀው ተመልካቹ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር፣ እና እየሮጠ ያለ ሰዓት።

ሰዓቱን ጀሪካኑ ይሰጣችኋል። ባዶ ጀሪካን ውስጥ ውሃ ሲወርድ ድምጹ ወፍራም ነው፣ እየሞላ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር እያጠረ ስለሚሄድ ድምጹም እየቀጠነ ይመጣል። ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ሆነን በጆሯችን ብቻ "ሞላ" ብለን ቧንቧ የምንዘጋው ለዛ ነው። ተመልካቻችሁ ይሄን በደሙ ያውቀዋል፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ድምጹ በቀጠነ ቁጥር የሆነ ነገር እየደረሰ እንደሆነ ይሰማዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

እና ሲኑን እንዲህ አስቡት። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ለስድስት ሰከንድ ያህል ቧንቧው ሲያስልና ሲያፏጭ ብቻ ይሰማል። ድምጹ ከምስሉ ቀድሞ ይምጣ፣ ተመልካቹ ምስሉን ራሱ መፈለግ ይጀምራል። ከዛ ግቢው ይታያል፣ ሰው የለም፣ ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ ከጀርባቸው የቆርቆሮው በር መቀርቀሪያው ተወርውሮ ተዘግቷል። ይሄን ሾት (ሳይቆረጥ የሚታየውን አንድ ምስል) አስር አስራ ሁለት ሰከንድ አቆዩት። ኤዲት ላይ "በቃ ረዘመ" ያላችሁበት ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ምንም ነገር ሳይሆን ምስሉ ሲቆይ ዓይን መቃኘት ይጀምራል፣ ጀሪካኑን ይቆጥራል፣ በሩን ያያል። እናንተ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትወጣለች፣ የመጀመሪያውን ትሞላለች (ይሄን አሳጥሩት)፣ ሁለተኛውን ቧንቧው ስር ታስቀምጥና ስልኳን ማየት ትጀምራለች። አሁን ፍሬሙን (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ክልል) አስተካክሉ፣ እሷን ወደ ቀኝ ጥግ ውሰዷትና ግራውን ባዶ ተዉት። ግራው ላይ ያለው ጨለማና በሩ ብቻ ነው። ሰው ባዶ ቦታ ሲሰጠው እዛ ውስጥ የሆነ ነገር እንዲመጣ ይጠብቃል፣ ይሄ እንደ ህግ ነው። አንዴ ወደ እጇ ወይ ወደ ስልኳ ቁረጡና ወደዛው ፍሬም ስትመለሱ በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፍቷል። በቃ። ሙዚቃ የለም፣ ዙም የለም፣ እሷም አታየውም። ግማሹ ተመልካች ያየዋል፣ ጎኑ ያለውን ጓደኛውን በክርኑ ይነካዋል፣ ቦምባችሁ ጠረጴዛ ስር ገባ ማለት ነው።

እዚህ ጋ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በሩን በክሎዝ አፕ (በጣም አቅርበው) ሲያሳዩት ነው፣ ከዛ አልፈው ኮኮኮ የሚል ድምጽ ይጨምሩበታል። እባካችሁ አታድርጉት። ተመልካቹ ራሱ ያገኘው ነገር እናንተ ከጠቆማችሁት ነገር አስር እጥፍ ያስፈራዋል።

ሁለተኛው ጀሪካን ድምጹ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ሊሞላ ነው፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ ሦስተኛውን ታነሳለች፣ እጇ ባዶ ይቀራል። ዞር ትላለች፣ የለም። ቧንቧውን ትዘጋለች። እና ጀሪካን የሚሞላበት ድምጽ አላቆመም። የሆነ ቦታ፣ ቅርብ፣ እየቀጠነ ነው። ፊቷ ላይ ቆዩ፣ የምታየውን ነገር አታሳዩን። ርዕሱ ድምጹ ከመቆሙ በፊት ይግባ።

ነገርዬውን ስለ አለማሳየት ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም የሁሉም ሰው ክርክር እዚህ ላይ ነው፣ "ጭራቁን ካላሳየን ምኑን ሆረር ሆነ" ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጆውስ የሚባለው የሻርክ ፊልም መክፈቻው ላይ ሻርኩ ጭራሽ አይታይም፣ የምናየው የምትዋኘው ልጅ ወዲህና ወዲያ ስትጎተት ነው። ቀረጻው ላይ የተሰራው ሜካኒካል ሻርክ የባህሩ ጨው ውሃ ውስጥ ደጋግሞ እየተበላሸባቸው ስለነበር ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ በሙዚቃና በውሃው ገጽ ሊሸፍነው ተገደደ፣ ፊልሙ ደግሞ በዛ ጠነከረ። በሆሊውድ በጀት የተሰራ ሻርክ ባይታይ የተሻለ ከሆነ እኛ በዱቄትና በኬቻፕ የምንሰራው ፊት ይቅርብን።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ አብዛኞቻችሁ በስልክ ነው የምትሰሩት፣ ችግር የለውም። ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) እና ፎከሱን ቆልፉ፣ አለበለዚያ ልጅቷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ስልኩ ራሱ ያበራዋል ያጨልመዋል፣ ጭንቀቱ እዛው ይሞታል። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው አፕ ነጻ ነው፣ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በእጃችሁ ታስተካክላላችሁ። የእኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን 1/50 ሰከንድ አድርጉት፣ ካልሆነ ርካሽ አምፖል ስር ስትቀርጹ ምስሉ ላይ መስመር እየተንቀሳቀሰ ያስቸግራችኋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ያገኘውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን) በጣም ከፍ አታድርጉ፣ ጨለማው ጥቁር መሆኑ ይቀርና ግራጫ አሸዋ ይመስላል።

ሰፊውን የግቢ ሾት በእኩለ ሌሊት አትቅረጹት። ጸሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ቅረጹትና ኤክስፖዠሩን አውርዱት፣ ሌሊት ይመስላል፣ የጣሪያውና የዛፉ ቅርጽም ይታያል። ሀዋሳ ላይ ይሄ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፣ እኛ አካባቢ ቶሎ ነው የሚመሸው። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትራይፖዱ ቆሞ፣ ጀሪካኑ ተደርድሮ፣ ልጅቷ ለብሳ ጨርሳ መሆን አለበት።

ለቅርብ ሾቶች አንድ መብራት ይበቃል። የስልኳ ስክሪን ፊቷን ትንሽ ያበራዋል፣ ከጎን ደግሞ አንድ ባትሪ ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩና ተመልሶ ይምጣ። ከአገጭ ስር ወደ ላይ ማብራት የልጆች ጨዋታ ነው የሚመስለው። ከበሩ ጀርባ ያለውን መንገድ ለማብራት የጎረቤት ባጃጅ ፓውዛ ተጠቅመን እናውቃለን፣ ሞተሩ ግን መጥፋት አለበት።

ካሜራው ሁሉም ቦታ ላይ በትራይፖድ ይቁም፣ ከአንድ ሾት በስተቀር። ያ ሾት ከጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ በመስኮት ፍርግርግ በኩል ልጅቷን የሚያይ ይሁን፣ እሱን በእጃችሁ ያዙት፣ እስትንፋስ ያህል ብቻ ይንቀሳቀስ። ሌላው ሁሉ ደርቆ ቆሞ ይሄ አንዱ ሲተነፍስ ተመልካቹ "ይሄ የማን ዓይን ነው?" ይላል። አምስት ሰከንድ ይበቃዋል፣ አትድገሙት።

ድምጽ ላይ ግን ከምስሉ በላይ ጊዜ ስጡ። የስልክ ማይክ ከሩቅ አይረባም፣ ሁለተኛ ስልክ ቧንቧው አጠገብ ደብቁና ለብቻው ቅዱ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በደካማ ውሃ ለመሙላት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ እናንተ ያላችሁ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሙሉውን ቅዱና ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ቆርጣችሁ አገናኙ፣ መገናኛውን ምስል የሚቀየርበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ማንም አያውቅባችሁም። ከዛ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የግቢውን ዝምታ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ዝምታ ማለት ባዶ ድምጽ አይደለም፣ ኤዲት ላይ ድምጹን ጭራሽ ብታጠፉት ሰው ስፒከሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። እንቁራሪት፣ የሩቅ ውሻ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀዘቅዝ ጠቅ የሚለው፣ እነዚህ ይኑሩ፣ በሩ ከተከፈተበት ሾት ጀምሮ ግን አንድ በአንድ ቀንሷቸው። ሰዉ ምን እንደጎደለ አይለይም፣ ግን ይሰማዋል። ወፍራም የሆነ ኡኡኡ የሚል ሙዚቃ ከስር ማድረግ የምትወዱ ደግሞ እወቁት፣ የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምጽ አያወጣውም፣ አብዛኛው ተመልካቻችሁ ደግሞ በስልክ ነው የሚያየው።

ለተዋናይዋ "ፈርተሽ ታዪ" አትበሏት። ስራ ስጧት፣ ውሃ ትቅዳ፣ ቻት ትመልስ፣ እግሯን ትታጠብ። ተመልካቹ ቀድሞ ይፍራ፣ እሷ መጨረሻ ላይ ትድረስበት። እያንጎራጎረች ከነበረና መሃል ላይ ካቆመች ከምንም ጩኸት ይበልጣል።

ከመቅረጻችሁ በፊት ለአከራያችሁም፣ ለጎረቤትም፣ ለሰፈሩ ጥበቃም ንገሩ፣ ሌሊት ጩኸት ከተሰማ ሰው ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው፣ መምጣቱም ትክክል ነው። ሃሳባችሁ ሐይቅ ዳር ከሆነ ደግሞ በሌሊት አትሂዱ፣ ጉማሬ ሳር ለመጋጥ የሚወጣው በዛ ሰዓት ነው። እሱንም በምሽቱ ሰማያዊ ብርሃን ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ኤዲቱ ሲያልቅ ስለ ፊልሙ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳዩት። አንዴ ድምጹን አጥፍታችሁ፣ ሌላ ጊዜ ለሌላ ሰው ስክሪኑን ገልብጣችሁ በድምጽ ብቻ። እናንተ ፊልሙን አትዩ፣ ሰውዬውን እዩት። ስልኩን የነካበትን ሰከንድ ጻፉ፣ እዛ ጋ ውጥረቱ ተበጥሷል። በሩ ስንጥቅ ሲል ዓይኑ ወደ ግራ ካልሄደ መብራቱን አስተካክላችሁ ያንን ሾት ብቻ ድገሙት።