የብስክሌት ውድድር ፎቶ ሲደበዝዝና ሲጨልም፦ ችግርና መፍትሄ

ባትሪው፣ የሌንሱ ንጽህና፣ ማብሪያው ከኤምኤፍ (በእጅ ከሚስተካከል ፎከስ) ወደ ኤኤፍ (ካሜራው ራሱ ወደሚይዘው ፎከስ) መዞሩ ታይቷል ብለን እንነሳ።

ፊት ለፊት የሚመጣው ተወዳዳሪ ፊቱ ይደበዝዛል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይኼ ነው። ብዙ ሰው በሌንሱ ያላክካል፤ ሸጦ ውዱን የሚገዛም ሞልቷል፤ አዲሱም ያው ያደበዝዛል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ አስፋልቱን ተመልከቱ። የጠጠሩ ቅንጣት ጥርት ብሎ የሚታይበት መስመር ፎከሱ ያረፈበት ቦታ ነው።

መስመሩ ከተወዳዳሪው ኋላ ከሆነ፣ ካሜራው አንዴ ይዞ ቆሟል፤ ብስክሌቱ ግን አልቆመም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ብስክሌት በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳ በኤፍ 2.8 በሰፊው ተከፍቶ 10 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሲነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌቱ ያንን በ1/40 ሰከንድ ጨርሶ ያልፈዋል። ስለዚህ አንዴ ይዞ የሚቆመው ኤኤፍ-ኤስ፣ ካነን ላይ ዋን ሾት የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም። ሳያቋርጥ የሚከታተለውን ምረጡ፦ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ፣ ካነን ላይ ሰርቮ አድርጉ።

ይህን አስተካክለውም የሚደበዝዝባቸው አሉ። ተወዳዳሪው ፍሬሙን እስኪሞላ ጠብቀው የማንሻውን ቁልፍ (ሻተሩን) ድንገት እስከ ታች ይጫኑታል። ካሜራው ፍጥነቱን አስልቶ ቀጣዩን ቦታ ለመገመት ጊዜ ይፈልጋል። ቢያንስ አንድ ሰከንድ ቀድማችሁ ያዙት፤ ሳትለቁ ተከታተሉት፤ ከዚያ አንሱ።

መስመሩ በፊት ጎማው ሥር ካለፈና ፊቱ ከደበዘዘ፣ የፎከስ ቦታው ሰፍቷል። ሰፊ ቦታ ሲሰጠው ካሜራው ቅርብ ያለውን ይመርጣል፤ ቅርብ ያለው ደግሞ ጎማውና መሪው ነው። ወደ አንድ ነጥብ ወይም ወደ ትንሽ ዞን አጥብቡትና ፊቱ ላይ፣ ካልሆነም የማሊያው ጽሑፍ ላይ አሳርፉት። ባዶ ወጥ ቀለም ላይ አታሳርፉ፤ የሚይዘው ጠርዝ ያጣል። ዓይን ፈልጎ የሚይዘውን ምርጫ ብቻውን አትመኑት፤ የተወዳዳሪዎቹ ጥቁር መነጽር ያሳስተዋል። ካሜራችሁ ብስክሌት የሚለይ ከሆነ እሱን ምረጡ።

መስመሩ ርቆ ተመልካቹ ወይም አጥሩ ጋ ከሆነ ፎከሱ ዘሏል። ሞተር ብስክሌት በመሃል ሲያልፍም እንዲሁ ይሆናል። ካሜራው የያዘውን ቶሎ እንዳይለቅ አድርጉት፦ ካነን ላይ የመከታተያ ስሜቱን (ትራኪንግ ሴንሲቲቪቲ) ወደ -1 ወይም -2፣ ሶኒ ላይ ወደ 2 ወይም 1 አውርዱት፤ ኒኮን ላይ ግን ወደ 4 ወይም 5 ከፍ ይላል። አቅጣጫው ተቃራኒ ስለሆነ ከሌላ ካሜራ ቁጥር መኮረጅ ችግሩን ያባብሰዋል።

ከጎማው ሥር ያለው አስፋልት ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከተለጠጠ ፎከሱን አትነካኩ፤ ጥፋቱ የሻተር ፍጥነት፣ ማለትም ሻተሩ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በጎን የሚያልፍ ብስክሌት በ1/500 ሰከንድ 3.3 ሴንቲ ሜትር ይንሸራተታል፤ በ1/2000 ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች። በጎን ለሚያልፍ 1/2000፣ ፊት ለፊት ለሚመጣ 1/1000 ይበቃል። የጎማው አናት ከብስክሌቱ እጥፍ ስለሚፈጥን የላይኞቹ ሽቦዎች ትንሽ ቢደበዝዙ ጉድለት አይደለም።

ፓኒንግ ላይ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል

ፓኒንግ ካሜራውን ከብስክሌቱ ጋር እያዞሩ ማንሳት ነው። በ1/125 ጀምሩ፤ እጃችሁ ሲለምድ ወደ 1/60 ውረዱ። የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ ሁለተኛው ምርጫ ላይ አድርጉት፤ አንደኛው ከእጃችሁ ጋር ይታገላል። ሻተሩ ከተነካ በኋላም ካሜራውን ማዞር አታቁሙ። በጠራራ ፀሐይ በ1/30 ስታነሱ በጣም የጠበበው ቀዳዳ ኤፍ 22 እንኳ ብርሃኑን አይችለውም፤ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ፊልተር ግን አትግዙ፤ ቀለም ይለውጣል፣ ጥራት ይበላል፣ ጥፋቱም መልሶ በፎከስ ይመካኛል።

ተወዳዳሪዎቹ ይጠቁራሉ፣ ነጭ ማሊያ ይነጣል

ከኋላ የሚከተለው መኪና መብራት የካሜራውን ልኬት ያሳስታል፤ ብርሃን በዛ ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ፀሐይ ካልተለዋወጠ በማንዋል አንሱ፦ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100፣ ኤፍ 4፣ 1/1600 ለጠራራ ፀሐይ መነሻ ነው። መንገዱ በዛፍ ጥላ እየተቆራረጠ ከሆነ ሻተሩንና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ራሳችሁ ያዙ፣ አይኤስኦውን ለካሜራው ስጡ፤ ጣሪያውን 6400 ላይ ዝጉት። ነጭ ማሊያ ሲበዛ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) የቀኝ ግድግዳ ላይ መለጠፉን እዩ፤ የነጣ ማሊያ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጎማው እንቁላል መሰለ፦ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ነው፤ ወደ ሜካኒካል ቀይሩ።

በአዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ ዥንጉርጉር መስመር ታየ፦ የመብራቱ ብልጭታ ነው፤ እዚህም ሜካኒካል ሻተር ተጠቀሙ፣ የብልጭታ መከላከያውንም አብሩ።

በጋለ አስፋልት ላይ ሩቁ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፦ ሙቀት ነው፤ ምንም ቅንብር አያስተካክለውም፣ ርቀቱን አሳጥሩ። ስትጠጉ ግን በሰፊ ሌንስ እያያችሁ መንገዱ ዳር አትቁሙ። ሰፊ ሌንስ የሚመጣውን ሰው ካለበት አርቆ ያሳያል፤ ዓይናችሁ ካሜራው ላይ እያለ ብስክሌቱ ደርሷል። ከአጥሩ አትውጡ፤ የካሜራ ማንጠልጠያም መንገዱ ላይ አይንጠልጠል፣ መሪ ይይዛል።

በተከታታይ ስታነሱ ካሜራው ይቆማል፦ ካርዱ ዘገምተኛ ነው። የፍጥነት ምልክቱ ቪ60 ወይም ቪ90 የሆነ ያዙ፤ አስመስለው የተሠሩ ካርዶች ስላሉ ከውድድሩ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ በሙሉ ፍጥነት ሞክሩት።