ኩቡ መቼ 25 ነበር? የሳይት ሪፖርት እንግሊዝኛ፣ ችግርና መፍትሄ

የ28 ቀን የኩብ (ጥንካሬው በማሽን ተጨምቆ የሚለካ የኮንክሪት ናሙና) ውጤት ነው። ኮንክሪቱ ሲ-25፣ ማለትም 25 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) የሚጠበቅበት፤ ማሽኑ ያነበበው 22 ሜጋፓስካል። እኔም «ዘ ስትሬንግዝ ዲክሪዝድ ባይ 3 ሜጋፓስካል» ብዬ ላክሁ። አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ መለሰልኝ፦ «መቼ 25 ነበር?»

ምልክቱ ይሄ ነው። አንባቢው «ከስንት ወደ ስንት ወረደ?» ይላል።

ምክንያቱ አማርኛችን ነው። «በ3 ቀንሷል» ስንል ሁለቱንም ይይዛል፤ ከነበረበት ወረደ ወይም ከሚፈለገው ጎደለ። ዲክሪዝ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ያ ኩብ ደግሞ 25 ሆኖ አያውቅም።

መፍትሄ፦ «ዘ ሪዘልት ወዝ 3 ሜጋፓስካል ቢሎው ዘ ስፔሲፋይድ ስትሬንግዝ»። ወይም፣ እኔ የምመርጠው፣ «ፌል ሾርት ኦፍ ዘ ስፔሲፋይድ ስትሬንግዝ ባይ 3 ሜጋፓስካል»። ኦፍ ከሚፈለገው ልክ በፊት፣ ባይ ከጎደለው መጠን በፊት ይገባል። በነገራችን ላይ እዚህ «ታርጌት» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። በሚክስ ዲዛይን (የኮንክሪት ቅልቅል ምጣኔ ሲወሰን) ታርጌት የሚባለው ከ25 ከፍ ያለው፣ መጠባበቂያ የተጨመረበት ቁጥር ነው። ሁለቱን ካምታታህ ሌላ ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቅሃል።

«ለስ ፍሮም 25» ብለህ ከጻፍክ ጥፋቱ የ«ከ» ነው። ለስ ዛን በለው፣ አለቀ።

«3 ሜጋፓስካል ሾርቴጅ»? ሾርቴጅ የሲሚንቶ እጥረት ነው። የቁጥር ጉድለት ሾርትፎል ይባላል።

የሚያጣላው ፐርሰንት ነው። ኮምፓክሽን (የአፈር ጥቅጠቃ) 95 ፐርሰንት ተጠይቆ 92 ወጣ እንበል። «3 ፐርሰንት ቢሎው» ብትል አንዱ 92 ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው የ95ን 3 ፐርሰንት ቀንሶ 92.15 ያወጣል። «3 ፐርሰንቴጅ ፖይንትስ ቢሎው» በል። ወይም ሁለቱንም ቁጥር አስቀምጥ፦ «92 ፐርሰንት፣ አጌንስት ኤ ሪኳየርመንት ኦፍ 95»። ያኔ ማንም አይከራከርህም።

የጉድለቱ ክብደትም ይታይ። 24.6 «ጀስት ቢሎው» ነው፤ 18 «ዌል ቢሎው»። 18ን «ስላይትሊ ቢሎው» ያለ ሰው አይቻለሁ። የእሱ ግን የእንግሊዝኛ ችግር አልነበረም።

ኩቡ ገና 7 ቀኑ ከሆነ ግን ቢሎውን ተወው። 25 የሚጠበቀው በ28 ቀኑ ነው። «ሃዝ ኖት የት ሪችድ 25 ሜጋፓስካል» ይበቃል። «ሪችድ ቱ» እንዳትል ብቻ።