ሐኪም ለመሆን ውድ ኮሌጅ ግድ ነው?

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሐኪም መሆን ከፈለገ የኮሌጁ ስም ብቻ አያማልላችሁ። ከ4 ዓመቱ ዲግሪ በኋላ ሌላ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት አለ። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ለአዳዲስ የሕክምና ተማሪዎች የፌዴራል ብድሩ ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዲግሪ ብዙ አትበደሩ። ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ጂፒኤው (የኮሌጅ አማካይ ውጤቱ) እና የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤቱ ትልቅ ቦታ አላቸው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚባለው ከባድ ኮርስ እንደሆነ የትም ኮሌጅ ያስለቅሳል!

ግን ዋጋውን አይታችሁ ብቻ ስመ ጥሩን ኮሌጅ አትተዉት። የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ገቢያችሁን አስገብታችሁ እናንተ የምትከፍሉትን አስሉ። ሃርቫርድ ለምሳሌ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር ለማይበልጥ ቤተሰቦች ምግብና መኝታን ጨምሮ በነጻ ያስተምራል።