የመጀመሪያ ሥራን ትዝታ በጽሑፍ ለማቆየት

ትምህርት ጨርሰው የያዙትን የመጀመሪያ ሥራ ለልጆችዎ ጽፈው ለማቆየት ካሰቡ፣ አስቀድመው የቅጥር ደብዳቤዎንና የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ፈልገው ያውጡ፤ ቀኑንና የደመወዙን ልክ ከትዝታ ይልቅ ወረቀቱ በትክክል ይነግርዎታል። ወረቀቱ ከጠፋ ጊዜውን በአገር ክስተት ያስሉት። ለምሳሌ የመጀመሪያ ደመወዝዎን የተቀበሉት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ባለበት የብር ኖት ከነበረ፣ ኖቱ የተለወጠው በ1969 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሥራ የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ከነበሩም ዘመቻውን ሳይጽፉ አይለፉ፤ ፊደል ማስቆጠሩም ሥራ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ግን በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ላይ ይቆዩ። ፔሮል ላይ ሲፈርሙ የተሰማዎትን፣ የከፈሉትን የቤት ኪራይ፣ የገቡበትን እቁብ፣ ለወላጆችዎ የገዙትን ስጦታ በዝርዝር ያስፍሩ። እኔ ለእናቴ የገዛሁላትን ነጠላ ሳስታውስ፣ የዚያ ወር ነገር ሁሉ አብሮ ይመጣልኛል።

የበደለዎት አለቃ ካለ ድርጊቱን ጽፈው ስሙን ይተዉት። ረቂቁን በዚያን ጊዜ አብሮዎት ለሠራ ባልደረባ ያንብቡለት፤ እርስዎ የዘነጉትን እርሱ ያስታውሳል።