የሞተር ሳይክል የጎን ሽፋን አፈታትና ከስርቆት መጠበቂያው

የሞተር ሳይክል የጎን ሽፋን በቀላሉ የሚሰረቀው ሌባው የተለየ ጥበብ ስላለው ሳይሆን፣ ፋብሪካው ባለቤቱ ያለ ብዙ መሣሪያ እንዲያነሣው አድርጎ ስለሚሠራው ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ሽፋኑን የሚይዙት ከጀርባው የወጡ ሁለት ወይም ሦስት የፕላስቲክ ችካሎች፣ ችካሎቹ የሚገቡባቸው ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች (ጎሚኒዎች) እና አንድ ብሎን ብቻ ናቸው፤ ብሎን የሌለውም አለ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሞተሩን ጅማ መርካቶ ዳር አቁሞ ወደ ገበያ የሚገባ ሰው ሽፋኑን ለመጠበቅ አስቀድሞ አፈታቱን ማወቅ ይኖርበታል።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ደልዳላ ቦታ ላይ በካቫሌቶ (በማቆሚያ እግሩ) ያቁሙት። በጅማ የክረምት ጭቃ የከረመ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይጠቡት፤ በችካሉ ዙሪያ የደረቀ ጭቃ ሽፋኑ ሲሳብ ችካሉን ይዞ ያስቀረዋል። ብሎኑ ብዙ ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ ወይም በመስቀል ካቻቢቴ ይፈታል፤ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ሽፋን በሞተሩ ቁልፍ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የሽፋኑን ጠርዝ በችካሉ አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ አንዱ ችካል ሲለቅ ወደሚቀጥለው ይለፉ እንጂ ሽፋኑን እንደ በር ወደ ጎን አይክፈቱት፤ ችካል የሚሰበረው በመሳብ ሳይሆን በመጣመም ነውና። በነዳጅ ታንኩ ወይም በመቀመጫው ሥር የሚሰካ ምላስ ካለው፣ ችካሎቹ ሁሉ ከለቀቁ በኋላ አንሸራትተው ያውጡት።

ጎሚኒው ደርቆ አልለቅ ካለ የሳሙና ውኃ ያንጠባጥቡበት። ቤንዚንና የሞተር ዘይት ግን ጎማውን ስለሚያሳብጡትና ስለሚያላሉት አይጠቀሙባቸው። ጎሚኒው የላላ ሽፋን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡና ገበሬው ቀበሌ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ላይ በንዝረት ብቻ ወልቆ ይወድቃል፤ ተሰረቀ የሚባለው ሽፋን ሁሉ የሌባ እጅ የነካው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥበቃ አሮጌውን ጎሚኒ በአዲስ መተካት ነው።

ሁለተኛው ብሎኑን መለወጥ ነው። የፋብሪካው ብሎን ባለ 6 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በዚያው ልክ ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ብሎን ከሰፊ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር ከሚገባ ክብ ብረት) ጋር ይግጠሙለት፤ አብዝተው ካጠበቁት ግን ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የዚህ ብሎን የተለመደው ቀዳዳ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከብስክሌት የፊት ጎማ ኩሽኔታ የምትወጣው 4.76 ሚሊሜትር የብረት ኳስ ትገባበታለች፤ ኳሷን አስገብተው በላይዋ የሻማ ሰም ቢያንጠባጥቡ ቁልፍ አይገባበትም፤ እርስዎ ግን ሰሙን በመርፌ ጭረው ኳሷን በማግኔት ያወጧታል። ሽፋኑን በማጣበቂያ መለጠፍን ግን አልመክርም፤ ባትሪው፣ ፊውዙና የአየር ፊልትሮው ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ስለሚገኙ፣ ባትሪ በደከመ ቁጥር ባለቤቱ የገዛ ሽፋኑን ሊሰብር ነው።

ከሁሉም የምመርጠው ግን ውስጥ ለውስጥ ማሰርን ነው። በሽፋኑ ጀርባ ካለው ወፍራም የፕላስቲክ ክፍል ላይ ከውጭ የማይታይ ትንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሱ፤ አሮጌ የብስክሌት ፍሬን ካቦ አሳልፈው ሌላውን ጫፍ ከሞተሩ ሻንሲ (ከዋናው የብረት አካሉ) ጋር ይሰሩት። መቀመጫው በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ማሰሪያውን ከሥሩ ያድርጉት፤ ያኔ መቀመጫውን ያልከፈተ ሰው ችካሎቹን ቢነቅልም ሽፋኑ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል። ካቦው የፕላስቲክ ልባሱን እንደለበሰ መቆየት አለበት፤ የተራቆተ ሽቦ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ከነካ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ጋርም አብሮ አይታሰር። ርዝመቱ ሽፋኑን አንሥቶ ወደ ጎን ለማንጠልጠል እንዲበቃ አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ይተዉለት።

በመጨረሻም የታርጋውን ቁጥር በጋለ ምስማር ጫፍ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ፕላስቲኩ እንዳይበሳ ቀለል አድርገው ይጻፉ። በቀለም የተጻፈ በቤንዚን ይጠፋል፤ የተተኮሰ ቁጥር ግን ሲፋቅ ጠባሳ ስለሚተው ሻጩን ያጋልጠዋል። ያገለገለ ሽፋን የሚገዙም ከሆነ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ገልብጠው ይዩት፤ ጀርባው የተፋቀ ወይም ችካሉ በአዲስ ስብራት የተቆረጠ ከሆነ ይተዉት።