ለሕፃናት ሆስፒታል ትልቅ ስጦታ የማሰባሰብ ሥራ፦ ለሚመራው ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ይሰብሰብ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሆቴል እራት ነው። አዳራሽ ይከራያል፣ ሥዕል ይጫረታል፣ መድረክ መሪው «ማን ይጨምራል?» ይላል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። በማግስቱ ቃል የተገባውን ገንዘብ መሰብሰብ ሲጀመር ግን ስልክ የማያነሳው ይበዛል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ በሰው ፊት ተጠይቀው፣ ከባለቤታቸውም ከሒሳብ ሠራተኛቸውም ሳይማከሩ የተናገሩት ቁጥር ስለሆነ ነው። እራቱ ለሆስፒታሉ ገንዘብ የሚሰበስበውን ማኅበር ለማስተዋወቅ ይጠቅማል። ከ500 ሺህ ብር በላይ የሆነ ስጦታ ግን የሚገኘው ከቢሮ፣ ከሱቅ ጓዳና ከሳሎን፣ በጸጥታ በተደረገ ንግግር ነው። የመሪው ጉልበት መዋል ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚለመንለትን ነገር መተመን

«ለታመሙ ሕፃናት እርዱን» የሚል ጥያቄ ትንሽ ገንዘብ ያመጣል። ትልቅ ለጋሽ የሚሰጠው ስም፣ ቁጥርና ዋጋ ላለው ነገር ነው። ስለዚህ ከማንም በፊት ሦስት ሰዎችን ለየብቻ አነጋግሩ፦ የሕፃናት ሕክምና ክፍል ኃላፊውን፣ የክፍሉን ዋና ነርስ እና የባዮሜዲካል ኢንጂነሩን። ሐኪሙ ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል። ነርሷ በአንድ ፈረቃ ስንት ሕፃን በስንት ማሽን እንደሚታከም ታውቃለች። ኢንጂነሩ ደግሞ ማሽኑ የሚሰካበት ሶኬት፣ የሚጠገንበት መለዋወጫና የሚቆምበት ቦታ መኖሩን ይመረምራል። ሦስቱ ካልተስማሙ ገንዘብ መጠየቅ አትጀምሩ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍልን እንውሰድ። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ኢንኩቤተር (የሕፃን ማሞቂያ)፣ የፎቶቴራፒ መብራት (ቢጫ ለሆነ ሕፃን)፣ ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ መተንፈስ የሚያግዝ)፣ ሲሪንጅ ፓምፕ (መድኃኒት በልክ የሚሰጥ)፣ ሞኒተርና የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ) ነው። ስህተት የሚፈጠረው የማሽኑን ዋጋ ብቻ ይዞ ሲወጣ ነው። ሲፓፕ በየሕፃኑ መጠን የተለያየ የአፍንጫ ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦው ሲያልቅ ማሽኑ ከነሽፋኑ መጋዘን ይገባል። የሞኒተር ኦክስጅን መለኪያ ገመድ ከሁሉ ቀድሞ ይበላሻል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ቦርድ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ስታቢላይዘር (የኃይል ማረጋጊያ) እና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የዋጋው አካል ናቸው። ኮንሰንትሬተር ሲገዛ ደግሞ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ የአምራቹን ጽሑፍ አንብቡ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ማሽን እዚህ ንጹሕ ኦክስጅን የመስጠት አቅሙ ይቀንሳል።

ዋጋውን በአንድ ገጽ ላይ በአምስት መስመር አስቀምጡ፦ የማሽኑ ግዢ፣ ማጓጓዣና ጉምሩክ፣ ተከላና ሥልጠና፣ የሦስት ዓመት አላቂ ዕቃ፣ የሦስት ዓመት ጥገና። ለጥገና በየዓመቱ ከግዢው ዋጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያዙ። ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም እዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አቅራቢዎች ዋጋቸውን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚያጸኑት። በግንቦት የተሰጠ ዋጋ ይዞ በመስከረም ለጋሽ ፊት መቅረብ ሁለተኛ ልመና ያስከትላል፤ ሁለተኛ ልመና ደግሞ እምነት ያሳጣል። 15 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ፣ ለምን እንደተጨመረም በዚያው ገጽ ላይ ጻፉ። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ ታሳቢ አድርጉ። ያገለገለ ማሽን «በነፃ ልስጥ» የሚል ሲመጣም ኢንጂነሩ ሳያየው እሺ አትበሉ።

እጅ ላይ መኖር ያለባቸው ወረቀቶች

ነጋዴም ሆነ የባንክ ፕሬዚዳንት ሲፈቅድ ጉዳዩ ወደ ሒሳብ ክፍል ይመራል፤ የሒሳብ ሹሙ የሚጠይቀው ወረቀት ከጎደለ ስጦታው እዚያ ይሞታል። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የመጨረሻው ኦዲት ሪፖርት፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ እና ከሆስፒታሉ ጋር የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ በአንድ ማኅደር ይሁኑ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ መቀበል ለአንድ ቀንም ቢሆን አይደረግም።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «ከምሰጣችሁ ስንቱ ለደሞዝ ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣል። ትክክለኛውን ቁጥር ከኦዲቱ አውጥታችሁ ንገሩ፤ «ምንም አይሄድም» ማለት ውሸት ነው፣ ለጋሹም ያውቃል።

ስለ ግብርም ይጠይቋችኋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ እንዲሆን ፈቅዷል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ሥራ ላይ ያለውን ቃል ከሒሳብ አዋቂ ጋር አረጋግጡ። ቃል ከመስጠት ይልቅ «ደረሰኙንና ደብዳቤውን እናቀርባለን፣ ቀሪውን ሒሳብ ሹምዎ ያየዋል» ማለት ይበቃል።

ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ግባችሁ 24 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ሁሉም እኩል ያዋጣል ብሎ ማሰብ አያስኬድም። የሚሠራው ክፍፍል ይህን ይመስላል፦ 1 ሰው 5 ሚሊዮን፣ 2 ሰዎች 2.5 ሚሊዮን፣ 4 ሰዎች 1 ሚሊዮን፣ 8 ሰዎች 500 ሺህ፣ 20 ሰዎች 200 ሺህ። ይህ 22 ሚሊዮን ይሆናል፤ ቀሪው 2 ሚሊዮን ከአነስተኛ መዋጮ ይመጣል። እነዚህ 35 ስጦታዎች እንዲገኙ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሰው ያህል ማነጋገር ስለሚያስፈልግ የስም ዝርዝሩ ወደ 105 ይደርሳል። ሐዘን የሚደርስ፣ ሠርግ የሚጠራ፣ በዓል ላይ የሚደውል አንድ ሰው በትክክል ሊይዝ የሚችለው ከ30 እስከ 40 ስም ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ይከፋፈሉት፤ አንደኛው የቦርድ ሰብሳቢው ይሁን። ከላይ ወደ ታች ጠይቁ። ትልቁ ስጦታ ሳይገኝ ትንንሾቹ ከተሰበሰቡ፣ ትልቅ መስጠት የሚችለውም ትንሹን አይቶ ይለካል።

የቦርድ አባላት ደግሞ እንደ አቅማቸው ቀድመው ይስጡ። «እናንተስ ስንት ሰጣችሁ?» ለሚለው መልስ የሌለው ቦርድ ሌላውን የመጠየቅ ድፍረት አይኖረውም።

የት እና መቼ

ሆስፒታሉ ጥቁር አንበሳ ነው እንበል፤ ከዚያ ወደ ሰንጋ ተራ በእግር ይደረሳል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ የብዙ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ቅርበቱ ጥቅም አለው፦ የባንክ ኃላፊ በምሳ ሰዓት ክፍሉን አይቶ መመለስ ይችላል። ባንኮችና ኢንሹራንሶች በጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ለቀጣዩ ዓመት በጀት እንዲያዝላችሁ ከፈለጋችሁ ደብዳቤው በሚያዝያ ይግባ፤ ዓመቱ ሳይዘጋ የሚሰጥ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ከሰኔ አጋማሽ በፊት መልስ ማግኘት ያስፈልጋል። ደብዳቤ ብቻውን መዝገብ ቤት ያድራል። የሚከታተል ሰው ይመደብለት፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ የተሰጠው ቁጥርም ይመዝገብ።

መርካቶ ሌላ ነው። እዚያ ደብዳቤ ሳይሆን ሰው ነው የሚያስገባው፤ አብሮ እቁብ የሚጥል፣ ዕቃ የሚያስረክብ፣ በእድር የሚያውቅ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ፣ ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ደግሞ የጁምዓ ሶላት ስለሆነ አትሂዱ። ሙስሊም ለጋሽ በረመዳን ዘካውን ሲያወጣ ሊያስባችሁ ይችላል፤ ይሁንና ዘካ የሚሰጣቸው ወገኖች ስምንት ተብለው የተለዩ ናቸው፣ ለሕንፃና ለማሽን ይውላል ወይ የሚለው ላይም ሊቃውንት ይለያያሉ። ሁለት ነገር አቅርቡ፦ ዘካው ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ሕክምና፣ ማሽኑ ደግሞ በሰደቀተል ጃሪያ (ጥቅሙ በሚቀጥል ምጽዋት)። ውሳኔውን ከሼኻቸው ጋር ይምከሩበት፤ የዘካው ገንዘብ ግን በሒሳብ መዝገብ ተለይቶ ይያዝ።

በሟች ስም የሚደረግ ስጦታ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካና ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ሙት ዓመት ሲቃረብ ቤተሰቡ «በእናታችን ስም አንድ ነገር እንሥራ» ማለቱ የተለመደ ነው። ሐዘን ቤት ሄዶ መጠየቅ ነውር ነው። አርባው ካለፈ በኋላ በዘመድ በኩል «ክፍሉ በስማቸው ሊጠራ ይችላል» የሚል ሐሳብ ማድረስ ይቻላል። ግን ክፍሉን የመሰየም ሥልጣን የሆስፒታሉ እንጂ የማኅበሩ አይደለም። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ሰሌዳ አይታሰብ።

ዳያስፖራው በገናና በጥምቀት፣ እንዲሁም በክረምት ሲመጣ ይገኛል። አሜሪካ ያለ ሰው ግብር እንዲቀነስለት ስጦታው እዚያ 501ሲ3 (ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ሆኖ በተመዘገበ ድርጅት በኩል ማለፍ አለበት፤ እንግሊዝ ያለው ደግሞ እዚያ በታወቀ በጎ አድራጎት በኩል ከሰጠ፣ ድርጅቱ ጊፍት ኤይድ በሚባለው የግብር ተመላሽ በእያንዳንዱ ፓውንድ 25 ፔንስ ያገኛል። የራሳችሁ ከሌላችሁ ከሚያስተላልፍ አጋር ጋር ውል አስቀድሙ።

ጥያቄው ራሱ

ሁለት ሰው ይሂድ፦ ለጋሹ የሚያከብረው አንድ ሰው፣ ቢቻል ራሱ የሰጠ፣ እና ዝርዝሩን የሚያውቅ አንድ ሰው። ሦስት ሲሆን ሽምግልና ይመስላል። ምሳ ከተጋበዘ ጾሙን እዩ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ። አጠራሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሐጂ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ኢንጂነር እያለ የሚጠራቸው ሰው ማን እንደሆነና እናንተ በምን ብትጠሯቸው ደስ እንደሚላቸው እወቁ።

ለመጀመሪያው ጊዜ ከሄዳችሁ ገንዘብ አትጠይቁ፤ ስለ ክፍሉ ተናገሩ፣ ምን እንደሚያሳስባቸው አድምጡ፣ እንዲጎበኙ ጋብዙ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቁጥሩን በግልጽ ተናገሩ። ለምሳሌ፦ «ጋሼ፣ ክፍሉ ስድስት ሲፓፕ ያስፈልገዋል። የአራቱን ሌሎች ወገኖች ይዘውልናል። የቀሩትን ሁለቱን ከነሦስት ዓመት አላቂ ዕቃቸው እርስዎ ቢይዙልን ብለን ነው የመጣነው፤ ወጪው እዚህ ገጽ ላይ አለ፣ 1 ሚሊዮን ብር ነው።» ከዚያ ዝም በሉ። በይሉኝታ «ያቅምዎትን ያህል፣ ካልሆነም ችግር የለም» ብሎ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ ለጋሹ ገና ሳያስብ እናንተው ዋጋውን ታወርዳላችሁ። «ላስብበት» ካሉ መቼ እንደምትደውሉ እዚያው ቀን ቁረጡ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ወይም «ኢንሻአላህ» ብቻ ብለው ካሰናበቷችሁ ገና እሺ አላሉምና በዝርዝሩ ላይ «ቃል ገብተዋል» ብላችሁ አትጻፉ።

ከእሺታ እስከ ባንክ

በሦስት ቀን ውስጥ የአንድ ገጽ የስምምነት ደብዳቤ ይድረሳቸው፦ መጠኑ፣ ዓላማው፣ የክፍያ ቀኖች፣ ስማቸው ይገለጽ አይገለጽ፣ ዋጋው ቢንር ጭማሪውን ማን እንደሚሸፍን። ከ1 ሚሊዮን በላይ ከሆነ በሦስት ክፍያ መክፈል ብዙዎችን ያቀላቸዋል። ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም የባንክ ዝውውር ይሁን። ደረሰኙ በዚያው ቀን፣ የምስጋና ደብዳቤው በሁለት ቀን ውስጥ ይሂድ፤ ማሽኑ ሲገባ ደግሞ ሆስፒታሉ ንብረቱን የተረከበበት ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ኮፒ ይድረሳቸው። ያ ወረቀት ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል፤ ዕቃው በእርግጥ የሆስፒታሉ ንብረት መሆኑን ያሳያልና። ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ ስንት ሕፃናትን እንዳገለገለ፣ ተበላሽቶ ከነበረም መቼ እንደተጠገነ ጻፉላቸው። ብልሽቱን ከእናንተ የሰማ ለጋሽ መለዋወጫ ይገዛል። ከሰው የሰማ ግን ዳግም አይሰጥም።

ጉብኝት ሲኖር ከሐኪሞች የጠዋት ዙር በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው ያልበለጠ ይግባ፤ እጅ ይታጠባል፣ ጉንፋን ያለበት ይቀራል። ሕፃን ያለ ወላጁ የጽሑፍ ፈቃድ ፎቶ አይነሣም፤ እናት ሕክምናው እንዳይቋረጥባት ፈርታ እሺ ልትል ስለምትችል ፈቃዱን የሚጠይቃት ልጇን የሚያክመው ሐኪም አይሁን። ስምና የሕመም ዓይነት አብረው አይወጡም።

የማይወሰድ ገንዘብም አለ። የትንባሆ ስፖንሰርነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። የዱቄት ወተት አምራቾችንም አትቀበሉ፤ የ1981 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ ጤና ተቋማት የእነዚህ ምርቶች ማስተዋወቂያ እንዳይሆኑ ይከለክላል፣ የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ደንቡ የተጻፈለት ቦታ ነው። ምንጩ የማይታወቅ ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ ሲመጣም በትሕትና ወደ ባንክ ላኩት። ባለቤቱ በስሙ ማስገባት ካልፈለገ ስጦታው ይቅር።

ስለ እያንዳንዱ ለጋሽ የሚያዘው መዝገብ የማኅበሩ ይሁን እንጂ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ውስጥ አይቅር። ማን እንዳስተዋወቀ፣ ምን እንደተባለ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ የተከፈለውና የቀረው በየሳምንቱ ሰኞ ይሞላ። ሠራተኛው ሲለቅ ተተኪው በመጀመሪያው ወር ከእሱ ጋር አብሮ ሄዶ ቢያንስ አሥሩን ትልልቅ ለጋሾች በአካል ይተዋወቅ፤ በስልክ መተዋወቁ ለሌሎቹ ይበቃል።