ከሐረጎ ወዲያና ወዲህ፦ መኪና ሲያስቸግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመሃል የሐረጎ ዳገት አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር በሚያህል ጠመዝማዛ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ እወጣለሁ።

ይህ መንገድ ለመኪና እንደ ጥሩ ሐኪም ነው፤ የተደበቀውን በሽታ ያወጣዋል። እኛ ግን አንሰማውም። መኪናዋ መቼና የት እንዳስቸገረች ሳንጠይቅ የበሽታውን ስም እናወጣለን፤ ከዚያ መለዋወጫ ፍለጋ እንሮጣለን። እኔም ሮጫለሁ። መኪናዬ 1000 ሲሲ ቪትዝ ናት፣ ማንዋል። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እሷ ላይ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ጎረቤት ሲሠራ አይቻለሁ።

"ጉልበት አጣች" ብሎ ሞተር ማስፈታት

አፋር ቆላ፣ ሚሌና ሎጊያ ሲነዳ የከረመ ሰው ደሴ ሲገባ የመጀመሪያው ስሞታ ይኼ ነው። "አልሳብ አለች።" ወዲያው ኢንጄክተር ይታጠባል፣ ካንዴላ ይቀየራል። መኪናዋ ግን ያው ናት።

ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ሲደርስ በባሕር ጠለል ከነበረው ጉልበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ያጣል። ሲሠሯት 70 ፈረስ ጉልበት የነበራት መኪና ደሴ ላይ የቀራት 55 አካባቢ ነው ማለት ነው። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ እምቢ ብትላችሁ አልታመመችም። በሁለተኛ ውጡ።

በሽታ የሚሆነው የለመደችው ዳገት በድንገት ሲያቅታት ነው። ያኔ ከርካሹ ጀምሩ፦ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ካንዴላ። ነዳጅ ዝቅ ሲል ብቻ፣ ያውም ዳገት ላይ ብቻ የምትንተፋተፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ታንከሩ ሲያዘነብል ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፖምፓው አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን ጨምራችሁ ያንኑ ዳገት ድገሙት። ከተዋት፣ የነዳጅ ፖምፓ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ቤንዚን ለመቆጠብ በዜሮ መውረድ

ይሄኛው የእኔ ነው። አንድ ሰሞን ቤንዚን ሰልፉ ሲረዝም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ከሐረጎ አናት ማርሹን ዜሮ አድርጌ መውረድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ወደ ታች ልደርስ ስል የፍሬኑ ፔዳል እግሬ ሥር ለሰለሰ። እንደ ስፖንጅ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ወደ ወለሉ ሄደ። ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬን እየሳብኩ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። እግሬ ለተወሰነ ጊዜ የራሴ አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስረግጠው ፍሬኑ ድንጋይ ሆኗል። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ አየ፣ ረገጠ፣ ዞሮ መጣ። "አብሽር፣ ምንም የለውም" አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ባየበት ሰዓት ምንም የለውም።

የሆነው ይህ ነው። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ካልያዘላችሁ ሙቀቱ በሙሉ ዲስኩና የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግራችሁ ይወርዳል፣ ጎማው አይያዝም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይጠፋል፤ ማስረጃውም አብሮት።

"ፍሬን በጠሰ" እንላለን። ቃሉ ራሱ ያሳስታል። መካኒኩ የተበጠሰ ነገር ይፈልጋል፤ ሲያጣ ይሸኛችኋል። ስለዚህ "ፍሬኑ ጠፋ" ብላችሁ አትተዉት። ከቁልቁለት በኋላ ለስልሶ ሲቀዘቅዝ እንደተመለሰ ንገሩት። ዘይቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነም ጨምሩ። ብዙዎቻችን መኪናውን ከገዛን ጀምሮ ቀይረነው አናውቅም። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።

የቤንዚኑ ነገርስ? ቁጠባውም ውሸት ነው። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር በማርሽ እየወረዳችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሡ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዜሮ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ አውጥታችሁ ወደ 2 ወይም ኤል አውርዱት።

የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ መድፋትም ይቅር። ዲስኩ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል እየሞሉ መሄድ

የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። ከጎደለ ከሁለት አንዱ ነው፦ ሸራው አልቋል ወይም የሆነ ቦታ ይፈሳል። ሞልታችሁ ስትሄዱ ያጠፋችሁት ችግሩን ሳይሆን የሚያስጠነቅቃችሁን ነገር ነው። ደግሞ ዘይት ሁሉ ዘይት አይደለም። የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣል። አንዴ ከገባ ማሸጊያዎቹን በሙሉ ማስቀየር ነው።

ሲፈላ፣ ከትልቁ መጀመር

ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ስለዚህ መኪና ታች የሚፈላ ይመስለናል። የሚፈላው ግን ወደ ደሴ ሲወጣ ነው። ዳገት አለ፣ ፍጥነት የለም፣ ከፊት የሚሄደው የተጫነ ከባድ መኪና ነው። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያውቃሉ። ደሴ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ታዲያ ለምን ሁላችንም አንፈላም?

በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት። ክዳኑ ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም፤ ውስጡ ሞላ (ስፕሪንግ) እና ጎማ አለ። ውሃውን አምቆ በግፊት ይይዘዋል። ያ ግፊት የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ጤነኛ ሞተርም በ92 ዲግሪ ይንደቀደቃል። እኔ የውሃ ፖምፓ ቀይሬያለሁ። ራዲያተር አሳጥቤያለሁ። መጨረሻ ላይ ክዳን ቀየርኩ፤ ዳነች። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ከክዳኑ ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ፋን መነሣቱን እዩ። ከዚያ ቱቦዎችን፣ ከዚያ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን)። ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማስወረድ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ቴርሞስታት ካልኩ አይቀር፣ "እዚህ አገር አያስፈልግም" ብሎ አውጥቶ መጣል አለ። እባካችሁ። ታኅሣሥ ላይ ደሴ በጠዋት ያለ ቴርሞስታት የሚነዳ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይተካል፤ አይወገድም።

መንገድ ላይ ከፈላባችሁ፦ ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የሙቀት መርፌው መውጣት ሲጀምር ካያችሁት ደግሞ ማቆሚያ እስክታገኙ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ያልባችኋል፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማንቆርቆር ደግሞ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሲቀዘቅዝም ውሃ ብቻ ሞልታችሁ አትርሱት። ባዶ ውሃ ያዝጋል፤ ቤት ስትደርሱ ኩላንት ይግባበት።

አልነሣም ስትል ሁሌ ባትሪን መክሰስ

ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የኅዳር ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ እውነት ነው። ግን ደሴ ውስጥ ሌላ ጉድ አለ። መኪና የሚገፋ ሰው አንፈልግም፤ ከተማው ራሱ ይገፋልናል። ማታ ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጠዋት በሁለተኛ ማርሽ ማስነሣት ነው። እንዲህ እያለ የዲናሞ ችግር ይዞ ወራት የሚከርም ሰው አውቃለሁ። ባትሪ ቀየረ፣ አዲሱም ወረደ፣ ሻጩን ሰደበ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እንደሆነ ማንም አልነገረውም።

መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ወይም የባትሪው ራስ ላይ የታሰረው ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ጠብቆ ይታሰር፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። መብራቱ እንደደመቀ ሆኖ "ቀጭ" ብቻ ካለች ወደ ሞተሪኖው (ሞተሩን ወደሚያስነሣው) ሂዱ። በቴስተር መለካት ከተቻለ ደግሞ ሌሊቱን ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ዲናሞው እየሞላ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጭራሽ አታስደርጉ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ "ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው" የሚል ባለሙያ አለ። በድሮ መኪና ይሠራ ነበር። ዛሬ በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት የዲናሞውን ዳዮድ፣ ሲከፋም የመኪናዋን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ዘይት ዳገት ላይ መለካት

ደሴ ሜዳ የት አለ? በር ላይ ባቆማችሁበት ብትለኩ መለኪያው እንደ አቋቋማችሁ ይዋሻል። የጎደለ መስሏችሁ ትሞላላችሁ፤ የበዛ ዘይትም ሞተር ይጎዳል። ቦሩ ሜዳ ድረስ ሂዱ አልልም፤ የማደያ ግቢ ይበቃል። ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ ይሙላው።

የጠዋት ነጭ ጭስ ያየ ሁሉ ጋስኬት አይቀይር

በብርድ ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ ነገር እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞቃም ካልተወ፣ ኩላንቱም ከጎደለ፣ ያኔ ጋስኬቱን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። የዘይት መክደኛው ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ሲታይም ሰው ይደነግጣል። መኪናዋ ከቤት ፒያሳ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ያ በብርድ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ ከጠፋ ተዉት። መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ራሱ ማኪያቶ ከሆነ ግን አትንዷት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ጥቁር ጭስ የበዛ ቤንዚን ነው።

የሞተር መብራቱን ማጥፋት

ባትሪ ነቅሎ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን የሞተር መብራት ማጥፋት ሕክምና አይደለም፤ ይመለሳል። በኮምፒውተር ማስነበብም ግማሽ መንገድ ነው። ኮዱ የኦክስጅን ሴንሰርን ስም ቢጠራ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ያየውን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። መብራቱ እየበራ እየጠፋ ከተጣራ ግን ሞተሩ ቤንዚኑን በትክክል ሳያቃጥል እየዘለለ ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ቅርብ ጋራዥ።

ድምፅን በአፍ ማስረዳት

"ቋ ቋ ትላለች" ብላችሁ ቁልፉን ትታችሁ አትሂዱ። ጋራዡ ሜዳ ላይ ነው፤ ድምፁ ድንጋይ ላይ ነው። መካኒኩን ጎናችሁ አስቀምጡና ድምፁ ወደሚሰማበት ቦታ ውሰዱት። ስትታጠፉ ነው? ስትረግጡ ነው? በየትኛው ፍጥነት? ከኋላ ነው ከፊት?

እኔ ይህን የተማርኩት ከኋላ "ቋ ቋ" ስትልብኝ ነው። የኋላ ሾክ አብሶርበር ሁለቱንም አስገዛሁ፣ አስቀየርኩ። ድምፁ አለ። በሦስተኛው ቀን መካኒኩ ራሱ መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን "አቁም" አለኝ። ወርዶ የኋላ በሩን ከፈተና እጁን ከምንጣፉ ሥር አስገባ። ያወጣው ክሪኩን ነው። ማሰሪያው ላልቶ ነበር።